ኤአርኤክስ በካርድ ጥናት ላይ፦ የሚችለውና የማይችለው

በደሴም ሆነ በወልድያ፣ የታካሚ ካርድ ተገልጦ የሚሠራ ጥናት ፕሮፖዛል የሥነ ምግባር ኮሚቴው ላይ ሲደርስ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፤ «ስምና የካርድ ቁጥር ስለማይወሰድ የታካሚው ምስጢር የተጠበቀ ነው»። የአንዲት ታካሚ ስም ተወግዶ ግን ዕድሜዋ 67፣ ቀበሌዋ በወረባቦ ወረዳ ይህኛው፣ የተኛችውም ሚያዝያ 12 ተብሎ ከተቀመጠ የአገሯ ሰው ማንነቷን ለማወቅ ስም አያሻውም። በመረጃ ውስጥ ማንነት የሚጠቁመውን የሚሸፍነው ኤአርኤክስ (ARX) የተባለው ፕሮግራም ትልቁ ጥቅሙ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቁጥር መፈተኑ ነው።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ሥራው የተጀመረው በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህም ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታካሚው መረጃ ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ኤክሴልና ሲኤስቪ (CSV፣ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ፋይል ይቀበላል። በአማርኛ የተሞላ ሲኤስቪ ሲሆን ከኤክሴል ላይ በዩቲኤፍ 8 (UTF-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ) ማስቀመጥ የግድ ነው፤ ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ዓምድ በአራት ቀለም ይመደባል። ቀይ በቀጥታ የሚለይ ነው፤ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ እዚህ ይገባሉ፣ ከውጤቱም ይወጣሉ። ቢጫ በተዘዋዋሪ የሚጠቁም ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ሥራና የመጡበት ጊዜ። ሐምራዊ ሊጠበቅ የሚገባው ምስጢር፣ ለምሳሌ የበሽታው ዓይነት ነው። አረንጓዴ የማያሰጋ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው። ቀበሌን አረንጓዴ ያደረገ ሰው በመጨረሻ የሚያምር ውጤት ያገኛል፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የተነገረውን ያምናል እንጂ አይጠራጠርም። ስለዚህ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ከውጤቱ በፊት ይህን ምደባ አምጡ ማለት አለበት።

ቀጥሎ ለቢጫዎቹ ደረጃ ይሠራላቸዋል። ዕድሜ በ5 ዓመት፣ ካልበቃም በ10 ዓመት ይጠቀለላል። ቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወረዳ ወደ ዞን ያድጋል፤ ይህን ሠንጠረዥ በእጅ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት አጻጻፉን አንድ ማድረግ ነው። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሦስት ቦታ። አጻጻፉ ካልተስተካከለ አንድ ላይ መቆጠር የነበረባቸው ሰዎች ይበታተኑና ሳያስፈልግ ብዙ ረድፍ ይጠፋል።

ቀኑ ላይ ፕሮግራሙ ለእኛ አልተሠራም። የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። 30/02/2015 ብሎ የተመዘገበ ጥቅምት 30 ለእሱ የየካቲት ሠላሳኛ ቀን ስለሆነ አይቀበለውም፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ነው። የከፋው ግን የማይጮኸው ስህተት ነው፤ ሌሎቹን ቀኖች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እንደ ፈረንጅ ቀን ያነባቸዋል። መፍትሔው ቀኑን ሳያስገቡ ዓመቱን ብቻ፣ ወይም ዓመቱንና ሩብ ዓመቱን በተራ ቁጥር ማስገባት ነው። የተኙበት ቀን ብዛት ካስፈለገም አስቀድሞ ተሰልቶ ይግባ።

ከዚያ ኬ የሚባለው ልክ ይወሰናል። ኬ 5 ሲሆን እያንዳንዱ ረድፍ በቢጫ ዓምዶቹ ቢያንስ ከሌሎች 4 ረድፎች ጋር ይመሳሰላል፤ አንድን ሰው ነጥሎ የማግኘት ዕድልም ከ20 በመቶ አይበልጥም። ሊመሳሰሉ ያልቻሉት ረድፎች ይደበቃሉ፤ የዚህን ወሰን 5 በመቶ ማድረግ ለመነሻ ይሆናል። ከ800 ረድፍ እስከ 40 ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። የሚሄዱት ግን በዕጣ የወጡ ያህል አይደሉም፤ በዕድሜ የገፉት፣ ከሩቅ ወረዳ አንድ ሁለት ሆነው የመጡት ናቸው። የእናቶችን ወይም የአረጋውያንን ሞት ለሚያጠና ሰው ይህ ውጤቱን ያዛባል፤ ስንት ረድፍ ከየትኛው ወረዳ እንደተደበቀ በጥናቱ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙዎች አያዩትም። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ረድፍ እንጂ ሰው አይደለም። አንዲት የስኳር ታካሚ ለክትትል 5 ጊዜ መጥታ 5 ረድፍ ከያዘች እሷ ብቻዋን የኬ 5ን መስፈርት ታሟላለች። ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ ካልሆነ የሚወጣው ቁጥር ከንቱ ነው።

ሌላው ጉዳይ መረጃው ሁሉ የአንድ በሽታ ሲሆን ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ብቻ ያሉበት ፋይል፣ ወይም ከቦሩ ሜዳ የተወሰደ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ዝርዝር፣ ውስጡ መገኘት ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው። ኬን 5 ማድረግም 10 ማድረግም አያድነውም። እንዲህ ያለው ፋይል ለሕዝብ መለቀቅ የለበትም፤ ማን እንደሚያየው፣ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ውል ይታሰር። ሐኪሙ በእጁ የጻፈው ማስታወሻም ለዚህ ፕሮግራም አይሆንም፤ «የመምህር እገሌ ልጅ» የሚል ቃል ቢኖርበት አያገኘውም። ዓምዱን ማውጣት ይሻላል።

የታካሚውን ስምምነት በተመለከተ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ፈቃድ የለም። የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ ድንጋጌ ማንነቱ ሊለይ በሚችል መረጃ ላይ ስምምነት ይጠይቃል፤ ማግኘቱ የማይቻል ወይም አዳጋች ሲሆን ኮሚቴ አይቶ ካጸደቀ ብቻ ያልፋል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስቀምጦታል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ያለ ስምምነት ለመሥራት ሲጠይቅ ሦስት ነገር ያስረዳ፤ ታካሚዎቹን አግኝቶ መጠየቅ ለምን እንደማይቻል፣ ጥናቱ ለማኅበረሰቡ ምን እንደሚጠቅም፣ ጉዳቱም ለምን እጅግ አነስተኛ እንደሆነ። የኤአርኤክስ የአደጋ ገጽ የሚረዳው ለሦስተኛው ነው። መረጃው ከመጠቅለሉ በፊትና በኋላ ሰው ተለይቶ የመታወቅ ዕድሉን ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያል፤ ያንን ገጽ አትሞ ማያያዝ ከአንድ ገጽ ማረጋገጫ ይበልጣል።

ካርዱን የሚገልጠው ራሱ ተመራማሪው ከሆነ ደግሞ ስሙን አንዴ አይቶታል፤ በኋላ መደበቁ ይህን አይመልሰውም። መረጃውን የካርድ ክፍል ወይም የመረጃ ክፍል ባለሙያ አውጥቶ፣ እዚያው በኤአርኤክስ አልፎ ቢሰጥ ይመረጣል። ኮድን ከካርድ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር የሆነ ቦታ ካለ ደግሞ መረጃው ማንነት የሌለው ሊባል አይችልም፤ ፕሮፖዛሉም እንደዚያ ብሎ መጻፍ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ የሚቀመጠው የፕሮጀክት ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ ዲኢአይዲ (.deid) የሚል አለው። ጥሬውን መረጃ ከነስሙ በውስጡ ይይዛል። ስለዚህ ለአማካሪ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ መላክ ያለበት እሱ ሳይሆን ለብቻው ወጥቶ የተቀመጠው ሲኤስቪ ነው፤ እሱም ከመላኩ በፊት ተከፍቶ ዓምድ በዓምድ ይታይ።