በፎቶ ጎበዝ፣ በድምፅ ሰነፍ መተግበሪያ

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። አራት ኪሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ደህና ሄድፎን። ነፍሳት የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ያስገባኝ አጎቴ ነው። ጋሼ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ግቢው ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ፎቶና አንድ ድምፅ ላከልኝ። «እስኪ ስሚው፤ ይሄ ነፍሳት ነው ወይስ የጎረቤት ጀነሬተር?»

የመተግበሪያውን ስም ትቼዋለሁ፤ ወቀሳዬ ስለሚበዛ። ፎቶም ድምፅም እለያለሁ ይላል።

ከፎቶው ልጀምር፤ ምስጋና የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ሲካዳ (ዛፍ ላይ ተቀምጦ በኃይል የሚጮህ ባለ ክንፍ ነፍሳት) መሆኑን ወዲያው አወቀ። ግን የደረደረልኝ የአፍሪካ ዝርያዎችን ነበር። ፎቶ በመልእክት ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ ብዙ ጊዜ አብሮት አይመጣም። እሱ ደግሞ የኔን ስልክ አምኖ ሲካዳውን አራት ኪሎ ይፈልገዋል! ቦታውን ራሴ ወደ ቨርጂኒያ ስቀይረው መልሱ ተስተካከለ። ይህችን ማስተካከያ ሜኑ ውስጥ ሜኑ ከፍተው ነው የደበቋት። ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ከዚያ ሁለት አማራጭ ቀረ። አንደኛው ሜጋቲቢሰን አውሌቴስ፣ በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ካሉት ሲካዳዎች በግዝፈት የሚታወቀው፤ ከነክንፉ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሁለተኛው ኒዮቲቢሰን ዊኔማና፣ አነስ ያለ፣ እሱም ወደ ማታ የሚጮህ። ጋሼ ብልህ ነው፤ ከጎኑ የቤት ቁልፍ አስቀምጦ ነው ያነሳው፣ ስለዚህ መጠኑ አላከራከረንም። ፎቶውን ሳጎላው ሰውነቱ ወፍራም ነው። ደረቱ ቡናማ ከደብዛዛ አረንጓዴ ጋር፣ ሆዱ ላይ ሰም መሰል ነጭ ብናኝ። ብናኙ ገና ቆዳውን ገፍፎ የወጣው ላይ ይበዛል፣ ሲሰነብት ይረግፋል። ዊኔማና ላይ ግን ጥቁሩና አረንጓዴው ጎላ ይላል። መተግበሪያው ይህን ሁሉ በጥሩ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያል፤ እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። በፈረንጆቹ 2021 እነ ጋሼን ያስገረሙት፣ 17 ዓመት አፈር ውስጥ ቆይተው የወጡት ባለ ቀይ ዓይኖቹ ሌላ ናቸው። እነሱ የሚወጡት በግንቦትና በሰኔ ነው፣ መጠናቸውም ትንሽ ነው።

ድምፁ ላይ ግን ጉድ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ የድምፅ መልእክት ስለነበር የጋሼ ስልክ ሲካዳውን እንደ ሁካታ ቆጥሮ አፍኖታል። በቪዲዮ ቀርጾ ሳይጨመቅ በፋይል እንዲልክልኝ አደረግኩ። ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። መተግበሪያው ሰማና «ፌንጣ» አለኝ። ደግሜ ስሰጠው «አልታወቀም»። ተውኩት፣ ወደ ማቀናበሪያ ፕሮግራሜ አስገባሁት። እዚያ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ወፍራም፣ የተራራቁ ምቶች ናቸው፣ በጣት ይቆጠራሉ። ከዚያ ይቀራረባሉ፣ ይፈጥናሉ፣ በመጨረሻ ተጋጥመው አንድ የሚንከባለል ድምፅ ይሆናሉ። ከዚያ ይከስማል። የዊኔማና ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ በእኩል ምት ይሄዳል እንጂ እንዲህ አይጋጠምም። የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሆዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ ሽፋኖች በጡንቻው እያረገበ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ጋሼ የቀረጸው በነሱ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች ነው። አውሌቴስ በዚያች አጭር የማታ ጊዜ የሚዘምር ነው፣ ድቅድቅ ሲል ዝም ይላል። (በኛ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል፤ ስልኬ ለምን እንደቀሰቀሰኝ ይገባችኋል።) መተግበሪያው ድምፁ በስንት ሰዓት እንደተሰማ አንዴም አልጠየቀኝም። ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ክፍያው በወር ነው፣ በዶላር ነው፣ በቴሌብር አይሆንም። ነጻው ክፍል ለፎቶ ይበቃል፤ የሚያስከፍሉት በዋናነት ለድምፁ ነው። ጋሼ «እኔ ልክፈልልሽ» ብሎኛል። እምቢ አልኩት። በዚያ ገንዘብ ለራሱ ደህና ማይክ ይግዛ፣ እኔ እሰማለታለሁ።