ቴኒስን በስሎው ሞሽን መማር፦ ለዳር ሰፈር ሰው ያዋጣል?

ቱሉ ዲምቱ እየኖሩ ቴኒስ መማር ከባድ ነው። ሜዳውም አሰልጣኙም በአብዛኛው ያለው መሃል ከተማ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ እዚያ እስኪደርሱ ይመሻል። እኛ ሰፈር ያለው አንድ ረጅም የመጋዘን ግድግዳ ነው። ስለዚህ አሰልጣኛችን ስልካችን ሆኗል፦ ዩቲዩብ ላይ ያሉት የፕሮፌሽናሎች ስሎው ሞሽን ቪዲዮዎች። ይጠቅማል ወይ ለምትሉ፣ በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ ለሰርቭ (ነጥቡን ለሚያስጀምረው ምት)። ምርጫው ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ነው።

የቴሌቪዥን ጨዋታ ከፍታችሁ ፍጥነቱን 0.25 ብታደርጉት እምብዛም አይረዳም። ኳስና ራኬት ተነካክተው የሚቆዩት 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ተራ ቪዲዮ ደግሞ በሰከንድ 25 ወይም 30 ምስል ቢይዝ ነው፤ ስለዚህ ዋናዋ ቅጽበት በሁለት ምስሎች መሃል ታመልጣለች፣ የምታዩትም የደበዘዘ ራኬት ብቻ ይሆናል። በሰከንድ 240 ምስልና ከዚያ በላይ የተቀረጸውን ፈልጉ። ካሜራው ከተጫዋቹ ጀርባ ወይም ጎን፣ ዝቅ ብሎ የቆመበት ይሻላል። ዳታ ይበላል፣ በሌሊት ፓኬጅ ማውረድ ነው።

ሰርቭ በሙሉ ፍጥነት ሲታይ ኳሷን ከላይ ወደ ታች መደብደብ ይመስላል። ቀስ ሲል ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ራኬቱ መጀመሪያ ከጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ በጠርዙ በኩል ወደ ኳሷ ሽቅብ ይወጣል፣ ሊነካት ሲል ክንዱ ይዞርና የራኬቱ ፊት ኳሷን ያገኛታል፣ መዳፉም ወደ ውጭ ዞሮ ያልፋል። ይህን በዓይን ሳያዩ በቃል ቢነግሯችሁ አይገባም! የሴሬና ዊሊያምስን ሰርቭ ደጋግማችሁ እዩ፣ የኳስ አወራወሯ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ፎርሃንድ (መዳፍ ወደ ፊት ሆኖ የሚመታው ምት) ላይ ደግሞ ፌደረርን፦ ኳሷ ከሄደች በኋላም ጭንቅላቱ ወደተመታችበት ቦታ እንደዞረ ቀርቷል።

ለኛ አገር አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ትርቃለች፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ የፈቀደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ምት ከመቅዳት ናዳል ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠረገ፣ ሜዳው ውስጥ እንድትወርድ የሚያሽከረክርበትን መንገድ ማጥናት ይበልጥ ያዋጣል። ራኬቱን ከጭንቅላቱ በላይ አዙሮ የሚጨርስበትን ግን ለሱ ተዉለት። ሁለት ሦስት ተጫዋች አወዳድሩና ሁሉም የሚጋሩትን ውሰዱ፦ ትከሻ ሲዞር የማይመታው እጅ ራኬቱ ላይ መቆየቱን፣ ኳሷ ከሰውነት ፊት ለፊት መመታቷን።

ጉድለቱ ምቱን ከጊዜው መነጠሉ ነው። ተጋጣሚ ሊመታ ሲል የሚደረገው ትንሽ ዝላይ በስሎው ሞሽን ትርጉም ያጣል፣ እሱን በሙሉ ፍጥነት እዩት። ቪዲዮው የናንተንም ምት አይነግራችሁም። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ራሳችሁን በዚያው አቅጣጫ ቅረጹና ጎን ለጎን አወዳድሩ።

ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ራኬት ይዞ ለማያውቅ ሰው ግን ብቻውን አልመክርም። የእጅ አያያዝ በስክሪን በደንብ አይለይም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ጣቶቻችሁን ይዞ ያስተካክልላችሁ።