የባለቤቴን ቅም አያት ፈልገው ላገኙልን እናት

አባቴ ከአዲስ አበባ ቦስተን ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ልጆቼን አጠገባቸው አስቀምጠው ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸው ነበር። በእኔ በኩል ያለውን ልጆቹ እንደ ውሃ ጠጡት። «በአባታችሁስ?» ሲሏቸው ግን ዝም። ባለቤቴ የሚያውቀው ቅም አያቱ መርፊ እንደሚባልና በፈረንጅ በ1840ዎቹ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ በተነሳው ረሃብ ዘመን በመርከብ ከአየርላንድ እንደመጣ ብቻ ነው። መርፊ ደግሞ አየርላንድ ውስጥ ከሁሉም የሚበዛ የቤተሰብ ስም ነው።

መጀመሪያ አንድ ድርጅት ከፍለን አሠራን። ያማረ የዘር ሐረግ ላከልን። ሰውየው ግን የእኛ መርፊ ቦስተን ልጅ ባስጠመቀበት ዓመት ገና አየርላንድ የነበረ፣ ስሙ ብቻ የገጠመ ሌላ ሰው ነበር። ይህን የደረሱበት እኚህ እናት ናቸው።

ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። ሥራውን ከአየርላንድ አልጀመሩም፤ «መጀመሪያ የሞተበትን እንፈልግ» አሉን። የማሳቹሴትስ የሞት መዝገብ የሟቹን ወላጆች ስም ስለሚይዝ እናቱ ከማን ወገን እንደነበረች ከዚያ አገኙ። ቀጥለው የልጆቹን የጥምቀት መዝገብ አውጥተው ክርስትና አባትና እናቶቹን አንድ በአንድ አጣሩ። የአንዱ ልጅ ክርስትና እናት የገዛ እህቱ ሆና ተገኘች። ለካ እህትየው ተከትላው መጥታ «ዘ ፓይለት» በሚባለው የቦስተን ካቶሊኮች ጋዜጣ ላይ ስታፈላልገው ኖሯል! ጋዜጣው ከ1831 እስከ 1921 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ያወጣ ነበር። ማስታወቂያዋ ጥቂት መስመር ብትሆንም የትውልድ ቦታቸውን ይዛለች፦ አየርላንድ፣ ኮርክ አውራጃ፣ ስኪበሪን። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁ ክርስትና እናት ሆነች፤ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህን ሲነግሩን አለቀስኩ።

ስኪበሪን ረሃቡ ክፉኛ የመታት ከተማ ናት፤ አቢስትሩሪ መቃብር ውስጥ ብቻ ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመት ሰው በጅምላ ተቀብሯል። ከ1864 በፊት ለተወለደ ካቶሊክ የመንግሥት የልደት መዝገብ የለም፤ የዚያ ዘመን የሕዝብ ቆጠራም አብዛኛው በ1922 ደብሊን ላይ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ተቃጥሏል። የተረፈው የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥቶታል። «ለዚህ ለማንም እንዳትከፍሉ» ብለው ራሳቸው ከፍተው አሳዩን። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጽሑፉም ላቲን ነው። ቄሱ ጆንን «ዮሐኔስ»፣ ጄምስን «ያኮቡስ» ብሎ ስለጻፈ ለእኔ ለሐበሻዋ ከባለቤቴ ይልቅ ቀለለኝ። የ84 ዓመቱ አማቴ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው የእናቲቱን ስም ደጋግመው አነበቡ።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን በተሠራው የመሬት ግብር ግምት መዝገብ ላይ በመርፊ አባት ስም የተጻፉ ሦስት ጭሰኞች አሉ። አንዱን መርጠው ቢጽፉልን አምነን እንቀበል ነበር። «የትኛው እንደሆነ ማስረጃ የለኝም» ብለው ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ለፈለጉበት ሰዓትም ሒሳብ አልጠየቁም።

ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አድራሻቸውን ለሚሻ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የድሮ ፎቶዎችን ጀርባ አገላብጡ፤ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችንም የክርስትና ልጆችና የጎረቤት ስም ሳይቀር ጠይቃችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። እናታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄ ይህን ተርጉማ ታነብልዎታለች።