44 ማግነም ወይስ 500 ማግነም?

ሁለቱም ሪቮልቨሮች (ጥይት መያዣቸው የሚሽከረከር ሽጉጦች) ሲተኮሱ ወደ ኋላ ይራገጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 የመጣው 44 ማግነም እርግጫው ኃይለኛ ቢሆንም ይለመዳል። ለስለስ ያለውን 44 ስፔሻል ጥይትም ስለሚተኩስ፣ እጅ ሲደክም ወደዚያ መቀየር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 500 ማግነም ግን ሌላ ጣጣ ነው። አፈሙዙ ረጅም የሆነው ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ ውለታ ነው፤ ከግፊቱ ይቀንሳል። እንደዚያም ሆኖ አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል። በእርግጫው ጣት ሳይታሰብ ቃታውን ዳግም ሊስብ ስለሚችል፣ ለጀማሪ አንድ ጥይት ብቻ ይጉረስለት። እጀታውን በሁለት እጅ ጥብቅ፣ ክርንን ትንሽ አጠፍ። ጣት ደግሞ ከጥይት መያዣው ፊት አይድረስ፤ በመያዣውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል።

እኔ? 44ቱን። 500ው ሦስቴ ተተኩሶ ለባለቤቱ ቢመለስ ይበቃኛል።