ለደብረ ሲናዋ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን

ደብረ ሲናና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ወይም እህት ወንድማችሁ የ12ኛ ክፍል ውጤት እንቢ ብሎት ቤቱ ካኮረፈ ይቺን አንብቡልኝ። ማመስገን የፈለግኩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚሰጡ መምህርት ናቸው። ተማሪው «ጋይዳንሷ» ነው የሚላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል።

ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ነርስ እሆናለሁ ባይ ናት። የ2014ቱን ፈተና ወስዳ 50 በመቶ አልሞላላትም። ያኔ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ግን ተሸፋፍና ለምታለቅስ ልጅ ይሄ ምን ሊያጽናናት? ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ አረብ አገር ትሂድ አለ። ሌላው ደላላ ይዞ መጣ፤ «ውጤት ሳይጠየቅ ዲግሪ ነርሲንግ የሚያስመዘግብ አለ፣ እናንተ ብር ብቻ አዘጋጁ» የሚል። እናቴ ላሟን ልትሸጥ ተነስታ ነበር።

ያስቆሟት መምህርቷ ናቸው። «መግባቱስ ትገባለች፣ አወጣጧስ?» አሉ። ከ2015 ወዲህ ከግልም ከመንግስትም የሚመረቅ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት። ጤና ላይ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ። የግል ኮሌጅ አትሞክሩ አላሉንም። የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን እውቅናውን የሰጠው ለዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ካምፓስ መሆኑን አጣሩ ነው ያሉን። የኮሌጁ ስም መታወቁ ብቻውን አይበቃም። ይሄን የነገረን ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ውጤቷን በየትምህርቱ ዘርዝረው አዩት። ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ደህና ናቸው። ወደ ታች የጎተቷት ሂሳብና ፊዚክስ ናቸው። በ2015 ሪሚዲያል፣ ማለትም 50 ላልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ሲጀመር መግቢያ ነጥቡን አሟላች። ያኔ አራት ወር ገደማ ነበር፤ ከውጤቱ 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው፣ 70 በመቶው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና። 50 ያመጣ ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ይገባ ነበር። መምህርቷ ታዲያ ምደባው እስኪወጣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ ብለው ሂሳቡን ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አስጀመሯት። እህቴ «12ኛ ጨርሼ እኮ ነው!» ብላ ተቆጣች። እሳቸው ወይ ፍንክች!

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ተረኛ የምትገባ ነርስ ዘንድ ልከው ስለ ስራው አስጠየቋት። ነጭ ጋውን ለብሶ ፎቶ ከመነሳት ሌላ ምን እንዳለው ትወቅ ብለው ነው። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለሚሳደበው አስታማሚ ሁሉ ሰምታ መጣች። ሃሳቧን አልቀየረችም። ፍሬሽማን ከገባች በኋላም በስልክ ይከታተሏት ነበር፤ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በምርጫና በግሬድ ስለሆነ እዚያም መዘናጋት የለም።

አሁን የነርሲንግ ተማሪ ናት፣ ሆስፒታል ለፕራክቲስ ወጥታለች። ለመምህርቷ ብር ብንሰጥ ተቆጡን። የእናቴን ቆሎ ግን አልመለሱም። (የደብረ ሲናን ቆሎ ማን ይመልሳል?)

የምትሄዱ ካላችሁ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ሂዱ፣ የውጤቱን ወረቀት ያዙ። ምላሳቸው ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ቻሉት። ደግሞ ልጁ ሲጠየቅ ወላጅ እንዳይመልስ። እናቴ «እሷ እኮ...» ብላ ስትጀምር በረንዳ ላይ እንድትጠብቅ ተደርጋለች።