ለጎንደር ክሊኒክ የቱ ይሻላል? ቴሌግራም፣ ክላውድ ወይስ ጓዳ ያለ ሰርቨር

ፒያሳ አካባቢ መካከለኛ ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። «ለታካሚ መዝገብ ሲስተም ሁለት ፕሮፎርማ ቀርቦልኛል፤ የቱን ልፈርም?» አሉ። ሄጄ አየሁት። አንደኛው በየወሩ የሚከፈልበት ክላውድ ሲስተም ነው፤ መረጃው ሻጩ ጋ ይቀመጣል፣ እናንተ በኢንተርኔት ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ክሊኒኩ ውስጥ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃውን የሚይዝ ዋና ኮምፒውተር፣ ተክሎ ኦፕን ኤምአርኤስ የሚባል የታካሚ መዝገብ ፕሮግራም የሚጭን ነው። ሦስተኛው ምርጫ ፕሮፎርማ የለውም፣ ምክንያቱም ዛሬም እየሠሩበት ነው፦ የካርድ ክፍሉ መደርደሪያና የቴሌግራም ግሩፕ።

ከቴሌግራም ልጀምር፤ ማንም ሳይገዛው የገባ እሱ ነውና። ማታ ተረኛዋ ሲስተር የደረት ራጅ በስልኳ አንስታ ትልካለች፤ ዶክተሩ አዘዞ ቤቱ ሆኖ አይቶ ይመልሳል። ለምክክር ከዚህ የፈጠነ አላየሁም። (ራጁን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ስለሚጨመቅ ስስ ነገር ይጠፋል።) ደግሞም መመካከር ለዚህ ከተማ ጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን እንዲሠሩ ያሰለጠነው የጤና ኮሌጅ እዚሁ ጎንደር ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ግሩፑ መዝገብ ሲሆን ነው። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ክሊኒክ፣ ነርሷ የአንዲት ልጅ የእርግዝና ምርመራ ውጤት ከነሙሉ ስሟ ለእቁብ ግሩፕ ላከችው። ሁለቱ ግሩፖች ስልኳ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋችው፤ ግን ከእቁብተኞቹ መካከል የልጅቷን እናት የሚያውቁ ነበሩ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ክሊኒኩን አልረገጠችም። ከለቀቀ ስድስት ወር የሆነው የላብራቶሪ ባለሙያም ግሩፑ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ያይ ነበር፤ የሚያስወጣው አልነበረም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሻው ወገን አስቀምጦታል። ስለዚህ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ማለፍ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ገንዘብ ሳታወጡ መቆየት ከፈለጋችሁ ቢያንስ የታካሚ ጉዳይ ወደ ዋትስአፕ ይዙር። ዋትስአፕ መልእክቱን ከላኪ እስከ ተቀባይ ይቆልፋል። ቴሌግራም ይህን የሚያደርገው ሚስጥራዊ ቻት ስትከፍቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። የተረኛ ፕሮግራም፣ የስብሰባ ጥሪና «መብራት መጣ ወይ?» ቴሌግራም ላይ ይቅሩ። በሁለቱም ላይ ግን ሙሉ ስም አይጻፍ፤ የካርድ ቁጥር ይበቃል።

ክላውዱ ሲታይ ያምራል። ሰርቨር አትገዙም፤ ቅጂ የሚይዘው ሻጩ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን በአንድ ቁልፍ ትዘጋላችሁ። ማራኪ ሰፈር ሌላ ቅርንጫፍ ቢኖራችሁ እሱና ፒያሳ ያለው አንድ ካርድ ያያሉ። አዲስ አበባ ብሆን ምናልባት እሱን እመርጥ ነበር። ጎንደር ውስጥ ግን በ2015 ክረምት የሆነውን ማንም አልረሳም። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በሞባይል ዳታ ብቻ የሚከፈት ሲስተም ቢኖራችሁ ኖሮ የራሳችሁን ታካሚ ካርድ በምን ታዩት ነበር? ሻጩን «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» በሉት። «አይጠፋም» ካለ ፕሮፎርማውን መልሱለት። «ኮምፒውተሩ ላይ ይይዝና መስመር ሲመጣ ይልካል» ካለ ገመዱን እዚያው ነቅላችሁ አሠሩት።

ገንዘቡም አለ። እንደ ጉግል ወርክስፔስና ማይክሮሶፍት ቲምስ ያሉ የክላውድ አገልግሎቶች ለስብሰባና ለፋይል ጥሩ ናቸው፤ የሚታሰቡት ግን በሰው ቁጥርና በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የአገር ውስጥ ሻጭም ቢሆን ሰርቨሩን ከውጭ ተከራይቶ ከሆነ ያው ነው። ዋጋው ለስንት ጊዜ እንደማይቀየር ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወደ ጓዳው ሰርቨር ስንመጣ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና ወደ ካርድ ክፍል፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና)፣ ላብራቶሪና ፋርማሲ የተዘረጋ ገመድ ማለት ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። ኦፕን ኤምአርኤስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ነጻ የሆነ ሲስተም ነው። ባህምኒ የሚባለው ደግሞ እሱን ከላብራቶሪና ከሂሳብ ጋር አጣምሮ ያመጣል። ነጻው ግን ኮዱ ነው፤ የሚጭነውና የሚጠግነው ሰው ይከፈለዋል። እዚህ ላይ ጎንደር ከብዙ ከተማ ትሻላለች፦ ዩኒቨርሲቲው የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል ስላለው ሙያውን የተማረ ልጅ ሩቅ አይፈለግም። የጓዳው ሰርቨርም ድክመት አለው፤ አንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። ልጁ ሥራ አግኝቶ ባህር ዳር ከሄደ ፓስወርዱም አብሮት ይሄዳል። በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት።

መብራቱን ቀላል አታድርጉት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) የሌለው ሰርቨር አንድ ክረምት አይዘልቅም። አነስተኛ ክሊኒክ ከሆናችሁ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕም ሰርቨር ሊሆን ይችላል። ቅጂው በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ሰርቨሩ ላይ ተደርቦ አይደር። ሌባ ከመጣ ሁለቱንም ነው የሚያነሳው።

አሁን ሁለቱንም ሻጮች በላብ የሚያጠምቅ ፈተና። ዴሞ ሲያሳዩዋችሁ እናንተ ኪቦርዱን ያዙ። መጀመሪያ «ፀሐይ» ብላችሁ አንዲት ታካሚ መዝግቡ፤ ከዚያ «ጸሃይ» ብላችሁ ፈልጓት። ካላገኛት ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል፤ የአለርጂዋ ማስታወሻ በመጀመሪያው ካርድ ላይ ይቀራል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንዲሁ ናቸው። ቀጥሎ የትውልድ ቀን ጳጉሜ 3 ብላችሁ አስገቡ። ከዚያ ስም፦ ሲስተሙ የቤተሰብ ስም እየጠየቀ የአያትን ስም የሚያስገባበት ቦታ ከሌለው፣ ከቆላድባ የመጡ ሦስት አበበ ታደሰዎችን እንዴት ይለያቸዋል?

ሰዓቱ ከሁሉ ያስፈራኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱ 2 ሰዓት ይሰጥ ብሎ ሲጽፍ ጠዋት ማለቱ ነው። ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ከቆጠረ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖ ይወጣል። ተረኛዋ አዲስ ከሆነች ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

ወርሃዊ ሪፖርት በሁለቱም በኩል እናንተው ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር የሚቀበለው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የሪፖርት ሲስተም ሲሆን የሪፖርቱ ወር የሚቆጠረው ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። ከ1 እስከ 30 ብቻ የሚደምር ሲስተም ከገዛችሁ ሲስተሯ እንደ ድሮው በካልኩሌተር ትቆጥራለች።

ለዶክተሩ የጓዳውን ሰርቨር መከርኳቸው፤ ምዝገባና ላብራቶሪ ብቻ ይጀመር፣ የወረቀት ካርዱ እስከ ፋሲካ ይቆይ ብዬ። ሁለት ቅርንጫፍና የማያቋርጥ የፋይበር መስመር ቢኖራቸው መልሴ ሌላ በሆነ። «ቴሌግራሙስ?» አሉኝ። ራጁ ይቀጥል፣ ስሙ ይቅር አልኳቸው። የሁለቱንም ድርጅት ልጆች ለነገ ቀጥረዋቸዋል። ፀሐይን በአራት ዓይነት አጻጻፍ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።