በሃይላንድ የሚሸጥ «የባትሪ ውሃ»፤ የጅማ ባጃጅ ነጂዎች ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከመናኸሪያ ወረድ ብሎ ያሉትን የባትሪ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፤ በር ላይ ጀሪካን፣ ውስጥ ቻርጀር፣ «ና ወንድሜ፣ እንየው» የሚል ልጅ። ማክሰኞ ጠዋት ባጃጄ አልነሳ ሲለኝ ወደ አንዱ ገፍቼ ወሰድኳት። ባትሪው ዓመት አልሞላውም። ሲከፍቱት ውሃው ወርዶ ውስጡ ያለው የእርሳስ ፕሌት ብቅ ብሏል። የሚያስፈልገው ዲስቲልድ፣ ማለትም ተኖ የተጣራ ንጹህ ውሃ ብቻ ነበር።

ልጁ ከመደርደሪያ ስር ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አወጣ። ምንም ጽሑፍ የለበትም። «ዲስቲልድ ነው አይደል?» አልኩት። «ታዲያ ምን መሰለህ፣ አረቄ?» ብሎ ጓደኛውን እያየ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ! ስድስቱንም ቀዳዳ እስከ አፉ ሞላው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ፈሰሰና ሲሚንቶው ወለል ላይ ነጭ አረፋ ደፍቆ ቺስስ አለ፣ ልክ አምቦ ውሃ ሲከፈት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ውሃ ሲሚንቶ ላይ አረፋ እንደማይደፍቅ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ጉደኛው ደግሞ እስከ 12 ተምሬያለሁ። ልጁ በጫማው አሸት አሸት አደረገው፣ 200 ብሬን ተቀበለ፣ «የተረፈውን ለመንገድ ያዘው» ብሎ ሃይላንዱን አቀበለኝ።

ሁለት ቀን ቁልፍ ስነካ ብቻ ይነሳል። ልጆቹን ስመርቅ ከረምኩ። ሐሙስ፣ በዚያ በገበያ ቀን፣ ሰው ጭኜ ቀጥ አለ።

የማውቀው ኤሌትሪሻን ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ለካው። ሙሉ ቻርጅ ያለው 1.28 አካባቢ ነው የሚያነበው፤ የኔው 1.30ን አልፏል። «አሲድ ነው የጨመሩልህ» አለኝ። ለካ ባትሪ ሲሠራ የሚጎድለው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። በላዩ አሲድ ሲጨመርበት ይከርና ለጥቂት ቀን ጉልበት ያገኛል፣ ውስጥ ውስጡን ግን እርሳሱን ይበላዋል። ባትሪው የተቀመጠበት ብረት ቀለሙ ተነፋፍቶ ተልጧል። ጂንሴ ደግሞ ደህና መስሎኝ ነበር፤ ታጥቦ ሲሰጣ ወንፊት ሆነ።

ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «የባትሪ ውሃ አልክ፣ ሰጠንህ። አሲድስ የባትሪ ውሃ አይደል እንዴ? አዲስ ባትሪ ከፈለግክ ለአንተ እቀንሳለሁ» አለኝ። በሁለት ቀን እንደምመለስላቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው! ልጁም እዚያው ቆሟል፣ አሁንም ይስቃል።

የታሸገ ዲስቲልድ ግዙ፣ ራሳችሁ ሙሉ፣ ፕሌቱ እስኪሸፈን ብቻ። ከፈሰሰ ብረቱን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ፣ ሰውነታችሁን ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ።

ያን የተረፈውን ሃይላንድ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ከእግሬ ስር ይዤው ስዞር ነበር፣ ከምጠጣው ሃይላንድ ጎን።